ጡረታ፣ በጀትና የትውልድ ቁጥር፤ ከጃፓን ተሞክሮ የሚነሡ ጥያቄዎች



«ጡረታ» የሚለው ቃል ከ«ጦረ» የወጣ ነው። ጦረ ማለት ያረጀን ሰው መገበ፣ አለበሰ፣ አስታመመ፣ በደከመበት ዘመን ደገፈ ማለት ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ የሚመረቀውም ከዚሁ ግስ ነው። እንግዲህ ዛሬ ከደመወዛችን «የጡረታ መዋጮ» ተብሎ የሚቀነሰው ገንዘብ ስሙን ያገኘው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከልጅ ግዴታ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ጧሪው ልጅ ነው፤ ሂሳቡም በቤተሰብ ውስጥ ተጀምሮ በቤተሰብ ውስጥ ያልቃል። ልጅ ያልወለደ፣ ወይም ወልዶ የቀበረ፣ ወይም ልጁ የተሰደደበት ሰው ግን መጠጊያ የለውም። መንግሥታት ይህን ግዴታ ቀስ በቀስ ወደ ራሳቸው በጀት የወሰዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

የዛሬው ንግግሬ ይህ ግዴታ ከቤተሰብ ወጥቶ በመንግሥት በጀት ውስጥ ሲገባ፣ ሕዝቡም በዚያው ዘመን ሲያረጅ፣ በአንድ ሀገር ኢኮኖሚ ላይ የሚሆነውን ይመለከታል። «ሕዝብ ሲያረጅ ኢኮኖሚ ይደክማል» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም እንሰማለን። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው። እኔ ግን ክብደቱን የሚወስነው የሽማግሌዎች ብዛት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ይበልጥ የሚወስነው ሀገሩ ወጣት ሳለ የገባው ቃል ነው፤ ቃሉ የሚገባው ርካሽ በሆነበት ዘመን፣ የሚከፈለው ደግሞ ውድ በሆነበት ዘመን ነውና። ይህን ከጃፓን በተሻለ የሚያሳይ ሀገር ስለማላውቅ የንግግሬን አብዛኛውን ክፍል በዚያ ላይ አሳልፋለሁ። ስለ ጃፓን ስናገር ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ወደ ሀገራችን ስመለስ ዓ.ም. እያልሁ በራሳችን አቆጣጠር እናገራለሁ።

አስቀድመን ቀላሏን ሂሳብ እንያት። አብዛኞቹ የመንግሥት የጡረታ ሥርዓቶች የዛሬ ሠራተኛ መዋጮ ለዛሬ ጡረተኛ አበል የሚውልባቸው ናቸው። ሠራተኛው ያዋጣው ገንዘብ በስሙ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሊመስለው ይችላል፤ ገንዘቡ ግን ወሩ ሳያልቅ ሌላ ሰው ቤት ገብቷል። እንዲህ ባለው ሥርዓት አምስት ሠራተኞች አንድ ጡረተኛ ቢጦሩና አበሉ የአማካይ ደመወዝ ግማሽ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከደመወዙ 10 በመቶ ቢያዋጣ ይበቃል። ሠራተኞቹ ሁለት ሲሆኑ ያው አበል 25 በመቶ ይጠይቃል። አበሉ አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ ከሕጉም አንዲት ፊደል አልተነካችም። የተለወጠው የሰው ቁጥር ነው። ከዚህ ሂሳብ መውጫው ጥቂት ነው፤ መዋጮን መጨመር፣ አበልን መቀነስ፣ የጡረታ መውጫ ዕድሜን ማራቅ፣ አለዚያም ጉድለቱን ከጠቅላላ ግብርና ከብድር መሸፈን። ብዙ መውለድም ሆነ የውጭ ሠራተኛ ማስገባት የሠራተኛውን ቁጥር ይለውጣል እንጂ ስሌቱን አይለውጥም፤ የመጀመሪያው ደግሞ ቢሳካ እንኳ ፍሬው የሚታየው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

«ምርታማነት ካደገስ?» የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ በየዓመቱ ይነሣል። መልሱ አበሉ ከምን ጋር እንደ ታሰረ ይወሰናል። አበሉ ከደመወዝ ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ምርታማነት መዋጮውንም አበሉንም እኩል ስለሚያሳድግ ሬሾው በነበረበት ይቆያል። አበሉ ከሸቀጦች ዋጋ ጋር ብቻ የታሰረ ከሆነ ግን የምርታማነት ዕድገት ሸክሙን ያቀልላል፤ ጡረተኛው ከሠራተኛው ኑሮ በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል ማለትም ነው። ይህ ቴክኒካዊ የሚመስል አንቀጽ በእውነቱ በአንድ ትውልድ ላይ የሚበየን ፍርድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳይነበብ ያልፋል።

አሁን ወደ ጃፓን። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ከሕዝቡ 7 በመቶ የደረሱት በ1970 ነበር። በ1994 ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ 14 በመቶ ገባ። ፈረንሳይ ይህን መንገድ ለመጓዝ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶባታል፤ ጃፓን በ24 ዓመት ጨረሰችው። ዛሬ ድርሻው 29 በመቶ ያህል ነው። በ1970 ለአንድ አረጋዊ ከ15 እስከ 64 ዓመት ያሉ ወደ አሥር የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ሁለት ናቸው።

ብዙ ሰው ይህን የረጅም ዕድሜ ውጤት አድርጎ ያስበዋል። ረጅም ዕድሜ ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን የወሊድ መቀነስ ነው። በ1947 አንዲት ጃፓናዊት በአማካይ 4.5 ልጅ ትወልድ ነበር። በ1957 ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ፤ አሥር ዓመት ብቻ! ከጦርነቱ ማግሥት፣ ከ1947 እስከ 1949 በነበሩት ሦስት ዓመታት፣ 8 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ተወለዱ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው ግን እየቀጠነ ሄደ። ይህ ወፍራም ትውልድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ፋብሪካ ሲገባ ኢኮኖሚው ዓለምን ያስደነቀ ዕድገት አሳየ። የሥነ ሕዝብ ትሩፋት የምንለው ይህ ነው። ከኋላ የሚጦር ሕፃን ጥቂት፣ ከፊት የሚጦር ሽማግሌ ጥቂት፣ በመካከል የሚሠራ ብዙ። እንዲህ ያለው ዘመን ግን በአንድ ሀገር ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው፤ በዚያን ጊዜ የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ዘላቂ ይመስላቸዋል።

ጃፓን ለመላው ሕዝቧ የጤና መድንና የጡረታ ሽፋን የዘረጋችው በ1961 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በሰሜኑ በኢዋቴ አውራጃ ሳዋኡቺ የምትባል፣ በረዶ የሚቆልላት ድሃ መንደር ነበረች። መንደሯ በ1960 ለአረጋውያን፣ በተከታዩ ዓመት ለሕፃናትም ሕክምናን ነፃ አደረገች፤ በ1962 በዚያች መንደር አንድም ሕፃን ሳይሞት ዓመቱ አለፈ። የሳዋኡቺ ዜና በሀገሩ ተሰማ። በ1969 የቶኪዮ ገዥ የነበሩት ሪዮኪቺ ሚኖቤ ከ70 ዓመት በላይ ላሉ ነዋሪዎች ሕክምናን ነፃ አደረጉ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። የማዕከላዊው መንግሥት ፓርቲ በየከተማው በተቃዋሚዎች እየተሸነፈ ነበርና ዳር ቆሞ መመልከት አልቻለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ካኩኤይ ታናካ 1973ን «የበጎ አድራጎት መንግሥት መጀመሪያ ዓመት» አሰኙት። ከጥር ወር ጀምሮ በመላው ሀገር ከ70 ዓመት በላይ ላለ ሰው ሕክምና ነፃ ሆነ። በዚያው ዓመት የጡረታ አበል ከአማካይ ደመወዝ 60 በመቶ ያህል እንዲሆን ታለመ፤ ከዋጋ ጋርም አብሮ እንዲያድግ ተወሰነ።

ውሳኔው እብደት አልነበረም። በ1973 ከ65 ዓመት በላይ ያሉት ከመቶ 8 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ኢኮኖሚው ከአሥር ዓመት በላይ በየዓመቱ 10 በመቶ ገደማ አድጓል፤ ሽማግሌዎቹም ሀገሩን ከጦርነት ፍርስራሽ ያነሡ ሰዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ በሚኒስትሮቹ ወንበር ብቀመጥ ኖሮ እኔም እጄን አወጣ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ችግሩ የውሳኔው ዋጋ በዚያ ዓመት በጀት ላይ አለመታየቱ ነው። የመንግሥት በጀት የአንድ ዓመት ሰነድ ነው፤ የጡረታ ሕግ ግን የስድሳ ዓመት ውል ነው። በአንድ ዓመት ሚዛን የስድሳ ዓመት ዕቃ መመዘን አይቻልም።

አሥር ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1973፣ የነዳጅ ቀውስ መጣ። ዕድገቱ ከነበረበት ግማሽ በታች ወረደ፤ ቃሉ ግን በነበረበት ቆመ። ነፃ ሕክምናው ያመጣው የጠባይ ለውጥም ነበር። የሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል የሽማግሌዎች መዋያ ሆነ። «እገሊት ዛሬ ለምን አልመጣችም?» «አሟት ነው» የሚል ቀልድ ጃፓኖች ይቀልዱ ነበር። ከቀልዱ በስተጀርባ ያለው ግን አሳዛኝ ነው፤ ሕመም ኖሮባቸው ሳይሆን ቤት የሚንከባከባቸው ስለሌለ በሆስፒታል አልጋ ላይ ወራትን የሚያሳልፉ አረጋውያን በዙ። እጅግ ውድ የሆነው የመንግሥት አገልግሎት እጅግ ቀላል የሆነውን እንክብካቤ ተክቶ ሠራ። ነፃ ሕክምናው የተቋረጠው በ1983 ነው። የተተካው ክፍያ ግን ስም ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ክፍያውን ለማሳደግ ደግሞ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ እርምጃ ዓመታት የፈጀ የፖለቲካ ትግል ጠይቋል። አንድን ጥቅም ለመስጠት አንድ ምርጫ ይበቃል፤ ለመንሣት ግን ተቀባዩ ራሱ መራጭ ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ በየዓመቱ ይበዛል።

የበጀቱን ቁጥር እንመልከት። በ1990 የማዕከላዊው መንግሥት አጠቃላይ በጀት 66 ትሪሊዮን የን ያህል ሲሆን ለማኅበራዊ ዋስትና የተመደበው 11.6 ትሪሊዮን ነበር። በ2024 በጀቱ 112 ትሪሊዮን ገደማ ደረሰ፤ የማኅበራዊ ዋስትናው ድርሻ 37.7 ትሪሊዮን ሆነ፤ ከጠቅላላው ሢሶ መሆኑ ነው። ለዕዳ ክፍያ 27 ትሪሊዮን ያህል ሄደ። ለትምህርትና ለሳይንስ በ1990 የተመደበው 5.1 ትሪሊዮን ነበር፤ በ2024 5.5 ትሪሊዮን። ለመንገድ፣ ለድልድይና ለመሳሰሉት የሕዝብ ሥራዎች የሚመደበው ደግሞ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላም ያው 6 ትሪሊዮን አካባቢ ነው። ተማሪዎቼ «የሕዝብ እርጅና የመንግሥት ወጪን ይጨምራል» ብለው በፈተና ሲጽፉ ግማሽ ነጥብ የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ወጪውን መጨመሩ አንድ ነገር ነው፤ የወጪውን ጠባይ መለወጡ ሌላ ነው። ከአዲሱ ገንዘብ አብዛኛው አስቀድሞ ለተገባ ቃልና አስቀድሞ ለተበላ ብድር ውሏል። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ተሰብስቦ የሚከራከርበት፣ ስለ ነገ የሚወስንበት የበጀት ክፍል በድርሻው እየጠበበ መጥቷል።

ልዩነቱን በግብር መሸፈን ይቻል ነበር። የጃፓን የፍጆታ ታክስ በ1989 በ3 በመቶ ተጀመረ፤ በ1997 ወደ 5፣ በ2014 ወደ 8፣ በ2019 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ሠላሳ ዓመት፣ ሰባት ነጥብ። ታክሱን ያስጀመሩት ኖቦሩ ታኬሺታ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረዱ፤ የመጨረሻውን ጭማሪ ያስፈጸሙት ሺንዞ አቤ ደግሞ ሁለት ጊዜ ካራዘሙት በኋላ ነው የፈጸሙት። ቀሪው ጉድለት በብድር ተሞላ። አጠቃላይ የመንግሥት ዕዳው ዛሬ ከዓመታዊው የሀገር ውስጥ ምርት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

ይህን ያህል ዕዳ ተሸክሞ ሀገሩ እንዴት አልወደቀም? ዕዳው በአብዛኛው በራሱ ገንዘብ፣ ከራሱ ሕዝብ የተወሰደ ነው፤ ማዕከላዊው ባንክ የመንግሥትን ቦንድ ግማሽ ያህል ይዟል፤ ወለዱም ለብዙ ዓመታት ዜሮ አጠገብ ነበር። የወለድ መጠን ከኢኮኖሚው ዕድገት በታች እስከ ሆነ ድረስ የቆየ ዕዳ ከምርቱ አንጻር ራሱን እያቀለለ ይሄዳል፤ አዲስ የሚጨመርበት ጉድለት ሚዛኑን ካላበላሸው በቀር። በመጋቢት 2024 የጃፓን ባንክ ከዜሮ በታች የነበረውን ወለድ ማብቃቱን ሲያሳውቅ የሂሳቡ አንድ ምሰሶ ተነቃነቀ። በውጭ ምንዛሪ የሚበደር፣ የዋጋ ንረቱም ከፍ ያለ ሀገር «ጃፓን ከተሸከመችው እኛም እንሸከማለን» ቢል ስሕተት ነው። በሀገራችን አንዳንድ መድረኮች ይህን ክርክር ሰምቼዋለሁ፤ አያስኬድም።

ኢኮኖሚውስ? የጃፓን አጠቃላይ ዕድገት ከ1990ዎቹ ወዲህ ደካማ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምርቱን ለሕዝቡ ሁሉ ሳይሆን በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉት ብናካፍለው ሥዕሉ በእጅጉ ይለወጣል፤ በዚህ መለኪያ ጃፓን ከሌሎች ባለጸጋ ሀገሮች ብዙም አትርቅም። በሥራ ዕድሜ ላይ ያለው ሕዝብ በ1995 ወደ 87 ሚሊዮን ነበር፤ ዛሬ 74 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ሠራተኛው አልሰነፈም፤ ቁጥሩ አነሰ። ከ2012 በኋላ በሥራ ላይ ያለው ሰው ቁጥር እንዲያውም ጨምሯል፤ ሴቶችና ከ65 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ወደ ሥራ ገበያው ስለገቡ። ዛሬ ከአራት አረጋውያን አንዱ ይሠራል። ይህ በደስታ ነው ወይስ በግድ? መልሱ እንደ ሰዉ ይለያያል፤ በሌሊት የግንባታ ቦታ ላይ ፋኖስ ይዞ መኪና የሚያስተላልፍ የሰባ ዓመት ሰው ግን በጃፓን እንግዳ እይታ አይደለም።

ከሥራው ዓይነት ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር አለ። ዊልያም ባውሞል በ1960ዎቹ እንዳስረዳው፣ አራት ሰው የሚጫወተውን የሙዚቃ ድርሰት ለመጫወት ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም አራት ሰው፣ ዛሬም አራት ሰው ያስፈልጋል፤ የተጫዋቾቹ ደመወዝ ግን ምርታማነቱ ካደገው ፋብሪካ ጋር አብሮ መጨመር አለበት። ሽማግሌን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ከአልጋ ማንሣት እንዲሁ ነው። ማሽን በከፊል ያግዝ ይሆናል፤ ሰውን ግን አይተካም። ሕዝብ ሲያረጅ የሠራተኛው ኃይል ምርታማነቱ በቀላሉ ወደማያድግ ዘርፍ ይሳባል፤ የሀገሩ አማካይ ዕድገትም በዚያው ይዘገያል። ጃፓን በ2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ያቋቋመችው ይህን ሥራ ከሆስፒታል አልጋና ከምራት ትከሻ ለማውረድ ነበር። ከ40 ዓመት ጀምሮ ያለ ሁሉ መዋጮ ይከፍላል፤ ወጪው ግማሹ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ነው፤ ተጠቃሚውም የአገልግሎቱን ዋጋ ቢያንስ አንድ አሥረኛ ይሸፍናል። በእኔ ግምት ጃፓን በዚህ መስክ ካወጣቻቸው ሕጎች በጥንቃቄ የታሰበው ይህ ነው፤ ሲጀመር ዋጋው አብሮ ተነግሯልና። በ2004 የወጣው የጡረታ ማሻሻያም ተመሳሳይ ድፍረት አለው። የሠራተኛና የአሠሪ ድምር መዋጮ ከ18.3 በመቶ እንዳያልፍ ተወሰነ፤ የሠራተኛው ቁጥር ሲቀንስና ዕድሜ ሲረዝም አበሉ ራሱ እንዲስተካከል ተደረገ። ነገር ግን ዋጋ በማይጨምርበት ዘመን ማስተካከያው እንዳይሠራ የሚያግድ አንቀጽ ነበረበት፤ በዚህም ምክንያት እስከ 2015 ድረስ አንድ ጊዜም አልሠራም። አሥራ አንድ ዓመት የተኛ ሕግ ማለት ነው።

የሀገር አኃዝ አማካይ ስለሆነ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ዩባሪ የምትባለው የሆካይዶ ከተማ በ1960 አካባቢ ከ100,000 በላይ ነዋሪ ነበራት፤ የምትኖረው በድንጋይ ከሰል ነበር። ማዕድኖቹ እየተዘጉ ሄደው የመጨረሻው በ1990 ተዘጋ። ወጣቱ ወጣ፤ ሽማግሌው ቀረ። ከተማዋ እጅዋን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ተበድራ የመዝናኛ ፓርክና የበረዶ መንሸራተቻ ሠራች፤ ጎብኚ ይመጣል ተባለ። በ2006 ኪሳራዋን ስታሳውቅ ነዋሪዎቿ 13,000 ገደማ፣ መክፈል ያለባት ዕዳ ከ35 ቢሊዮን የን በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ለበጀት ተማሪ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ከግማሽ በላይ ቀነሱ፤ የቀሩትም ደመወዛቸው ተቆረጠ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ተጠቃልለው አንድ ሆኑ፤ 171 አልጋ የነበረው ሆስፒታል 19 አልጋ ያለው ክሊኒክ ሆነ። ሕፃን ያላቸው ቤተሰቦች ይህን አይተው ተከታትለው ወጡ፤ የቀረው ሕዝብ ይበልጥ አረጀ፤ ግብር ከፋዩ ይበልጥ አነሰ። እርጅናና የወጪ ቅነሳ እርስ በርስ እየተገፋፉ ቁልቁል የሚወርዱበት አዙሪት ይህ ነው። አሁን ነዋሪዎቿ ከ7,000 በታች ናቸው፤ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ አረጋውያን ናቸው።

«እኛ ወጣት ሀገር ነን፤ ይህ ሁሉ ምን ያገባናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ ከሕዝባችን ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ነው፤ ከ65 በላይ ያለው ከመቶ 3 ገደማ ነው። እኔም የኢትዮጵያ ሕዝብ በቅርብ ያረጃል አልልም። የምለው ሌላ ነው። ሀገር ሳያረጅ የጡረታ ፈንድ ሊያረጅ ይችላል።

የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕጋችን በአዋጅ ቁጥር 209/1955 የሚጀምር ረጅም ታሪክ አለው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን በሥርዓቱ የታቀፉት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው፤ ሁለቱም ዘርፎች የሚተዳደሩባቸው ሕጎች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1267 እና 1268 ተተክተዋል። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11፣ በድምሩ 18 በመቶ ይዋጣል፤ የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ነው። አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራ። በ2003 ዓ.ም. በ35 ዓመቱ የታቀፈ የግል ድርጅት ሠራተኛ በ2028 ዓ.ም. ይጦራል። በ25 ዓመቱ የታቀፈው በ2038። ይህ ፈንድ እስካሁን የሚሰበስበው ከብዙ፣ የሚከፍለው ለጥቂት ነው፤ ስለዚህ ትርፍ ያሳያል። ትርፉ ግን በ1973 ጃፓን ከነበራት ምቾት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የወጣትነት ትርፍ ነው። አበሉ በአማካይ የደመወዝ ግማሽ ቢሆን 18 በመቶ መዋጮ ሂሳቡን የሚያስተካክለው ለአንድ ጡረተኛ ከ2.8 ያላነሱ አዋጪዎች ሲኖሩ ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ደግሞ የሀገሪቱ ወጣት ሁሉ አይደለም። በገጠር የሚያርሰው፣ በመርካቶ የሚሸከመው፣ በጎዳና ላይ የሚቸረችረው ወጣት አዋጪ አይደለም። የሀገሪቱ ሕዝብ ስንት ወጣት ቢኖረው መደበኛ ሥራ ካላገኘ ለፈንዱ እንዳልተወለደ ነው። በመሆኑም የጡረታችን ዕጣ የሚወሰነው በወሊድ ብዛት ሳይሆን መደበኛው የሥራ ገበያ በሚሰፋበት ፍጥነት ነው።

ትርፉ የሚቀመጥበት ቦታም ሌላ ጭንቀት ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ ለብዙ ዓመታት ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ከእነዚህ ሰነዶች ዋና ገዢዎች አንዱ የጡረታ ገንዘብ ነው። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ በሚንርበት ጊዜ በ10 በመቶ ወለድ የተቀመጠ መቶ ብር በዓመቱ መጨረሻ የሚገዛው ቀድሞ በ85 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። መንግሥት በርካሽ የተበደረው ሠራተኛው ለሽምግልናው ካኖረው ላይ ነው። ይህ በየትኛውም አዋጅ ያልተጻፈ፣ በየትኛውም ምክር ቤት ያልተመከረበት ግብር ነው፤ ከፋዩም የሚያውቀው ስልሳ ዓመት ሲሞላው ነው።

ከፈንዱ ውጪ ያለው ሕዝብ፣ ማለትም አብዛኛው፣ አሁንም በጥንቱ ጧሪ ላይ ነው ያለው። ጧሪው ግን ቦታ ለውጧል። በብዙ የገጠር ቤቶች የእናትና የአባት ጡረታ ከሪያድ፣ ከቤይሩትና ከዱባይ የሚላከው ገንዘብ ነው፤ የምትልከው ልጅ ደግሞ በዚያ ሀገር የሌላ ሰው እናት እያጠበች ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ የወሊድ ምጣኔው በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 1.9፣ በ2008ቱም 1.8 ነበር፤ ራስን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 በታች መሆኑ ነው። በሀገር ደረጃ ቁጥሩ በእነዚያው ጥናቶች ከ5.5 ወደ 4.6 ወርዷል። መዲናይቱ በወሊድ ረገድ ከጃፓን የ1957 ደረጃ ላይ ከደረሰች ቆይታለች፤ ልዩነቱን የሚሞላው ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ወጣት ነው። ያ ወጣት ወላጆቹን የተወው ጡረታ በሌለበት መንደር ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ ብትጀምሩ እወድዳለሁ፤ የግሉ ፈንድ አዋጪዎች የዕድሜ ስብጥር በ2028 እና በ2048 ዓ.ም. ምን ይመስላል? የመደበኛው ሥራ ዕድገት ምን ያህል ቢሆን 18 በመቶው ይበቃል? አበሉ ከዋጋ ጋር ቢታሰር፣ ከደመወዝ ጋር ቢታሰር ልዩነቱ በብር ስንት ነው? ሦስቱም በአንድ ተራ የስሌት ሉህ ሊሠሩ ይችላሉ። እዚህ ላይ ላብቃና ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።